ስለ ኮፍያው እግዜር ይስጥልን

በምርጫ ሰሞን የውጭ አገር ቱጃሮች አንጀቴን ይበሉታል። ኢሎን መስክ በፈረንጆቹ 2024 ለአሜሪካ ምርጫ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ፤ ያውም ከገዛ ኪሱ። ሮኬት ሰማይ ድረስ የሚሰድ ሰው ይህን ያህል ይሞኛል? በጣና ጀልባ ደልጊ ብቅ ቢል ኖሮ፣ እግሩ መሬት ሳይረግጥ የጣቁሳ ገበሬ በነጻ ይመክረው ነበር፦ «ጌታው፣ የመራጩ ገንዘብ እያለ የራስዎን ምን አስነካዎ?»

ሥልጣኔያችንን ለማድነቅ መነሻችንን ማየት ይበጃል። በጃንሆይ ዘመን፣ ለመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ በ1948 የወጣው ሕግ የዕጩውን ዋጋ ቆርጦ አስቀምጦ ነበር፦ በሚወዳደርበት አካባቢ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት። ርስት ያለው ይወዳደራል፤ የሌለው ይመርጠዋል። ዛሬ እንዲህ ያለ ነውር ቀርቷል። ድሀም መወዳደር ይችላል፤ መወዳደር ብቻ።

አሁን ነገሩ ሁሉ ሕዝባዊ ነው። የሕዝብ መኪና በሕዝብ ነዳጅ ይነሣል፤ ደመወዙን ከሕዝብ የሚቀበል ሹፌር ሞንታርቦ ጭኖበት «ምረጡን» እያለ ሕዝቡን ይዞራል። አዳራሹ የሕዝብ፣ ውሎ አበሉ የሕዝብ፣ ጭብጨባውም የሕዝብ። ዕጩው ከራሱ የሚያወጣው ላቡን ብቻ ነው፤ እሱም አዳራሹ ስለሚሞቅ። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 በመንግሥት ሀብት መቀስቀስን ይከለክላል እያሉ የሚነዘንዙ አሉ። መከልከሉስ ይከለክላል። ግን ማን ጣሰው? ጠዋት ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው አስተዳዳሪ ነው። ከሰዓት በኋላ ስለ ማዳበሪያው የሚመሰገነው ግን ዕጩ ነው፤ የፓርቲ ኮፍያ ደፍቷልና። ሁለቱ ሰዎች መልካቸው መመሳሰሉ የእግዜር ሥራ ነው።

ማዳበሪያ ካነሣን ስለ ምርጥ ዘርም ላውጋ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ባወጣው ዘገባ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ሴፍቲኔት የገዢው ፓርቲ መደገፊያ ሆነዋል፣ ተቃዋሚ የተባለ ገበሬ ይከለከላል ሲል ጽፎ ነበር። መንግሥት አስተባበለ። እኔም አስተባብላለሁ፤ ውጤቱ ይመስክር። በግንቦት 2002 ከ547 የምክር ቤት ወንበሮች ለተቃዋሚ አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪ አንድ ተረፈ። በ2007 እነዚያም ሁለቱ እንደ አረም ተነቅለው፣ ማሳው በሙሉ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። እንግዲህ ገበሬ ይፍረድ፦ መቶ በመቶ የበቀለ ዘር ምርጥ ዘር ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

የከተሜው ድግስ ደግሞ ከእኛ ይለያል፤ እዚያ በሳህን ነው። በግንቦት 2011 «ገበታ ለሸገር» ተብሎ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ራት ለመቅረብ 5 ሚሊዮን ብር ተከፈለ። በ2012 «ገበታ ለሀገር» ሲመጣ የአንዱ ሳህን ዋጋ 10 ሚሊዮን ደረሰ። ጊዜውንም ልብ በሉልኝ፦ ስድስተኛው ምርጫ በነሐሴ 2012 ሊደረግ ተቀጥሮ በኮሮና ምክንያት ተራዝሞ ነበር። ኮሮጆው በታጠፈበት ነሐሴ ገበታው ታወጀ። ከገበታው ትሩፋት አንዱ እኛው ጣና ዳር ያለችው ጎርጎራ ናት። ይህ ቅስቀሳ ነው የሚል ካለ አፉን ይያዝ፤ የልማት ራት ነው። ባለሀብቱም 10 ሚሊዮን ከፍሎ የተቀመጠው ስለራበው ነው። ቀን ወጥቶ ሰኔ 14 ቀን 2013 ድምፅ ሲሰጥ፣ ውጤት ከተነገረላቸው 436 ወንበሮች 410ሩን የገበታው አባወራ ፓርቲ ወሰደ። እንግዳ ሲበላ ባለቤት መጥገቡን ያየሁት ያኔ ነው።

የዱሮ ሰው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይል ነበር። ዘመኑ ተረቱን አሻሽሎታል፦ ለመመረጥ ያበላ፣ ሲመረጥ ያወራርዳል። የ10 ሚሊዮኑ ባለ ሳህን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጉዳዩን በጆሮ ይናገራል። እኔ ደግሞ የቅስቀሳው አዳራሽ ጫፍ ላይ ቆሜ፣ የመስኖ ጥያቄዬን ለማንሣት እጄን ባወጣ «ለፎቶው ነው፣ እንደወጣ ይቆይ» ተባልኩ። ቢሆንም ባዶ እጄን አልተመለስኩም፤ ኮፍያ ተሰጠኝ።

አማረርክ እንዳትሉኝ። በዚያ ሰሞን ከሰማሁት ቃል ሁሉ የተፈጸመው የኮፍያው ብቻ ነው። መስኖው አልመጣም፣ መንገዱ አልመጣም፤ ኮፍያው ግን ፀሐይ ይከላከላል ተብሎ ነበር፣ ይኸው ይከላከላል። ሽምብራ ስነቅል እደፋዋለሁ። መፈክሩ በላብና በእጥበት ለቆ ማን እንደሰጠኝ አይነበብም። ማን እንደገዛው ግን አይጠፋኝም፤ የዓመቱን የእርሻ ግብር የከፈልኩበትን ደረሰኝ አጥፌ እዚያው ኮፍያው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።