ኬብሉ ተኛ? አንተ ንቃ!

«ለሁለት ኬብል ከፍዬ አንዱ ተኝቶ ይውላል? ስፓኒንግ ትሪ የምትሉትን አጥፉልኝ፣ ፍጥነቴ እጥፍ ይሁን!» ትላለህ ደሴ ፒያሳ መሀል ቆመህ። ሰው ተሰብስቧል። እንግዲህ ቻለው።

አጠፋንልህ። ሁለት ስዊች፣ መሀላቸው ሁለት ኬብል። አንዱ ኮምፒውተር «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል። ስዊች እንዲህ ያለውን ጥሪ ከመጣበት ፖርት በቀር በሁሉም ይለቀዋል። በአንዱ ኬብል ይሄዳል፣ በሌላው ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። የአይፒ መልእክት በየራውተሩ ዕድሜው ይቀነሳል፤ የኢተርኔት ፍሬም ግን ዕድሜ የሚቆጥርለት ስለሌለ ቀለበቱ (ሉፑ) እስኪበጠስ ይዞራል። እጥፍ አልክ? እጥፍ የሆነው ጩኸቱ ነው። ቀለበት ማሰር ካማረህ ሽማግሌ ላክ፤ ስዊቹ ምን በደለህ?

ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 አንዱን ኬብል በሚያግደው ስፓኒንግ ትሪ የፈታችውን ቀለበት አንተ ሆዬ ዛሬ መልሰህ ትቋጥራለህ!

«ፖርቱ ሥራ ፈት ነው» ደግሞ ትላለህ። ደረቅ ወደብ ያለው ኮምቦልቻ ነው፤ አንተ ዘንድ ያለው ደረቅ ክርክር ነው። የታገደ ፖርት ዳታ አያሳልፍም እንጂ ጆሮው ክፍት ነው። ሩት ከሚባለው አለቃ ስዊች በየ2 ሰከንዱ የሚነሳውን መልእክት ያዳምጣል። (ሩት ስልህ የሰፈርህ ልጅ መስላህ ፀጉርህን አታበጥር!) ዋናው ኬብል ሲበጠስ ሳይቀሰቅሱት ይነሳል። በድሮው ስሪት ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው ፈጣኑ ስሪት በጥቂት ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ይጨርሰዋል። አንተ እኮ ከሦስት አላርም በኋላም ትገላበጣለህ።

«ታዲያ ኔትወርኬ ለምን ይንቀረፈፋል?» አለቃውን ማን ሾመው? ስዊቾች በተለምዶ 32768 የሚል የቅድሚያ ቁጥር ይዘው ይመጣሉ፤ ያነሰው ያሸንፋል። እኩል ከሆኑ የማክ አድራሻው ያነሰው ይነግሣል፤ ይሄ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣው አሮጌው ነው። ንጉሥ ሚካኤል በነገሡባት ከተማ ተቀምጠህ አንድ ስዊች ማንገሥ አቃተህ? መሀል ላይ ላለው ጠንካራ ስዊች 4096 ስጠውና አርፈህ ተቀመጥ።

«የቦስተኑን ሆስፒታልስ የጣለው ይኸው ስፓኒንግ ትሪ አይደል?» ጎሽ፣ አንብበሃል! ግማሹን። ቤት ኢዝሬል ዲከነስ በኖቬምበር 2002 ለቀናት ወደ ወረቀት የተመለሰው ስዊች በስዊች ላይ እየቀጠሉ ከሚመከረው 7 እርከን በላይ ስላስረዘሙት ነው። ዛፍ (ትሪ) ተሰጣቸው፣ ጫካ አደረጉት። አንተ ደግሞ ዛፉን ልትቆርጥ መጥረቢያ ይዘህ መጣህ!

ሁለቱም ኬብል ይሥራልኝ ካልክ በኤልኤሲፒ አንድ ላይ እሰራቸው፤ ስፓኒንግ ትሪ እንደ አንድ መስመር ይቆጥራቸዋል፣ አንዱንም አያግድብህም። ሠራተኛ ትርፍ ኬብል በሚሰካባቸው የቢሮ ፖርቶች ላይ የስፓኒንግ ትሪ መልእክት ሲገባ ፖርቱን የሚዘጋውን ቢፒዲዩ ጋርድ አብራ። ስፓኒንግ ትሪውን ግን አትንካብን!