ቀለበት ላሰራችሁ የጋምቤላ ልጆች

ድሮ ለመታጨት የሚያስፈልገው ሽማግሌ፣ ቀለበትና የልጅቷ አባት በጎ ፈቃድ ነበር። አሁን «ሎኬሽን» የሚባል ተጨምሯል። እንዲያውም ከሁሉም በላይ ሆኗል። ሽማግሌዎቹ የተናገሩትን የሚያስታውስ የለም፤ ቀለበቱም ወርቅ ይሁን ቅብ ገልብጦ የሚያይ የለም። ፎቶው የት እንደተነሳ ግን አገር ምድሩ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ እንዲያውም «እንኳን ደስ አላችሁ» ከማለቱ በፊት ነው «የት ነው?» የሚለው።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ጣጣ የለውም። የአባቶቻችን ዘመን ሙሽሮች ግዮን ሆቴል ግቢ አበባ መሀል ቆመው ይነሱ ነበር። የዛሬዎቹ እንጦጦ ፓርክ፣ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ እያሉ ያማርጣሉ። በር አለ፣ ትኬት አለ፣ ዘበኛ አለ፤ ከፍለው ይገባሉ፣ ተነስተው ይወጣሉ። ክፋቱ ሁሉም እዚያው መሄዱ ነው። የአንዱን አልበም ያየ የሌላውንም አይቷል፦ ጥዱ ያው፣ ደረጃው ያው፣ ልጅቷ ወደ ኋላ ዘወር ብላ የምትስቀውም ሳቅ ያው። የሚለየው ሰውዬው ብቻ ነበር፤ እሱንም ፊልተሩ አመሳስሎታል።

«ባሮ እያለልን እንጦጦ ምን ልናደርግ እንሄዳለን?» አለች እጮኛዬ። የአቦቦ ልጅ ነች። አባቷ በ1977ቱ ሰፈራ ከወሎ መጥተው እዚያው ቀርተዋል፤ እሷ ከአኙዋ ልጆች ጋር አድጋ ከእነሱ ጋር በቋንቋቸው ትቀልዳለች፣ ለእኔ ግማሹን ብቻ ትተረጉምልኛለች። እኔ ሥራ ያመጣኝ ደገኛ ነኝ። ክርክር አልገጠምኩም። ጋምቤላ ውስጥ በርና ትኬት ያለው ውበት የለም፤ ሁሉም ሜዳ ላይ ነው፣ በነፃ ነው ብዬ ደስ አለኝ። በር የሌለው ነገር ሁሉ ግን ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።

የመጀመሪያዋ ባለቤት ፀሐይ ናት። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፎቶ አንሺያችን ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ «ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ» ብሎ አዘዘኝ። የተከራየሁትን ሱፍ ለብሼ ብቅ ስል ሰፈሩ በሙሉ ማን እንደሞተ ጠየቀኝ። እጮኛዬ ተቀብታ የወጣችው ሜካፕ ቀልጦ ቅንድቧ ጉንጯ ላይ፣ ጉንጯ አንገቷ ላይ ደረሰ። ፎቶ አንሺው «ኔቸራል ሁኑ!» ይላል። ኔቸራል ብንሆን ኖሮ ጥላ ፍለጋ እንሮጥ ነበር።

ስለዚህ ጋምቤላ ላይ መጀመሪያ የሚመረጠው ሰዓት ነው፤ ቦታ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ጎሕ ሲቀድ መውጣት፣ አለዚያም ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በጣም ወደ ምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ የምትጠልቅብን ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ነው። ፎቶ አንሺው የአዲስ አበባን ጀንበር ቆጥሮ ቸኩሎ ካሜራውን ሊሸክፍ ሲል የባሮ ውሃ ወርቅ መሰለ። ሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ሰሞናት ግን የጀንበር መጥለቂያ ፎቶ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ያኔ የታጩ ወዳጆቻችን አልበም በሙሉ ጠዋት ነው።

ባሮ እንግዳ አያስደንቀውም። አጼ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ነው ወንዙ ዳር የንግድ ጣቢያ የተከፈተው። ክረምት መጥቶ ውሃው ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባ ከካርቱም ድረስ ይመጣ፣ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ነጋዴና ቆንስል፣ ካፒቴንና ወታደር ሲወጣና ሲወርድ የኖረበት ዳር፣ ሁለት እጮኛሞች ሲሽኮረመሙ ቀና ብሎም አያይ።

ባለቤቶቹ ግን አሉ። አመሻሽ ላይ ከተማው ግማሹ ባሮ ነው፤ የሚዋኝ አለ፣ ልብስ የሚያጥብ አለ፣ ባጃጁን እስከ ጎማው አስገብቶ የሚያጥብ አለ፣ ራሱንም እንደተፈጠረ ሆኖ የሚታጠብ አለ። ፎቶ አንሺው ሌንሱን አነጣጥሮ «ውይ፣ ይቅርታ!» እያለ ያዞረዋል፤ ያዞረበትም በኩል ሌላ ሰው ሳሙና እየመታ ነው። በመጨረሻ ሰው የሌለበት ጥግ ተገኘ። ለምን ሰው እንደሌለበት ግን እኔና ፎቶ አንሺው አልጠየቅንም፤ የጠየቀችው እጮኛዬ ናት፣ ያገሯን ውሃ ታውቀዋለቻ። በአቅራቢያው መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ።

«አባባ፣ እዚህ አዞ አለ?»

«ዛሬ አልታየም፣ ልጄ።»

«አለመታየቱ ጥሩ ነው አይደል?» አልኩ እኔ።

«ለሱ ጥሩ ነው» አሉ መረባቸውን ሳይለቁ።

ይህ የወሬ አዞ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. አንድ ወጣት አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ እዚሁ ባሮ ላይ ሲዋኝ አዞ በልቶት ሞቷል። ፎቶ አንሺው «እግራችሁን ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ሮማንቲክ ይሆናል» ሲል፣ ይህን ታሪክ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ በረጅም ሌንስ፣ ከዛፍ ሥር ሆኖ ማንሳት ጀመረ።

ከዚያ ወደ ድልድዩ ዞርን። ባሮ ላይ የተዘረጋው ረጅሙ ድልድይ ከጀርባችን ቢታይ ብለን ስንሰናዳ የሚጠብቀው ሰው መጣ። ትሑት ነው፤ ክላሹ ግን አብሮት ነበር።

«ፈቃድ አላችሁ?»

«ቀለበት አስረናል» አልኩት፤ ሌላ የሚታይ ሰነድ አልነበረኝም።

«እንኳን ደስ አላችሁ። ልጅቷን ለማንሳት የአባቷ ፈቃድ ይበቃል፤ ድልድዩን ለማንሳት ግን የመንግሥት ነው የሚያስፈልገው።»

ሰውዬው እውነቱን ነው። የሁለተኛውን ፈቃድ ያህል ለመጀመሪያው ብዙ ደብዳቤ አልተጻፈም። ስለ ድሮን ያነሳው ፎቶ አንሺም በዚያው አፉን ዘጋ፤ ድንበር አካባቢ ሰማዩም ባለቤት አለው።

ወደ ከተማው ገብተን ማንጎ ዛፍ ሥር ቆምን። ጋምቤላ ከማንጎዋ ጥላ ሥር ነው የምትኖረው፤ ሻዩም፣ ወሬውም፣ ዕርቁም እዚያ ነው። ብርሃኑ ለስላሳ፣ ሱፉ ቀለል ያለ መሰለኝ። ነገር ግን ጥላው የልጆች ነው። አንዱ «ፎቶ!» ብሎ ሲጮህ ከየቤቱ ተጠራሩ። ለብቻችን የተነሳነው ፎቶ ይባላል እንጂ፣ እኔን በእነሱ መሀል ለማግኘት ጣት ያስፈልጋል። እጮኛዬን ግን ወዲያው ታገኟታላችሁ፤ ከልቧ የምትስቀው እሷ ናት።

የኢታንግ መንገድ ላይ ያገኘናቸው ኑዌር ጎረቤታችን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጡ። ካሜራውን አዩ፣ ሱፉን አዩ፣ ዙሪያችንን ቃኙ።

«ማጨቱ ደግ ነው፤ ከብቱ የታለ?»

ኑዌር ዘንድ ጋብቻ ያለ ከብት ወሬ ብቻ ነው። ጎልማሳ የሚወደው በሬ ይኖረዋል፤ በበሬውም ስም ይጠራል። አኙዋም ዘንድ ቢሆን ጥሎሹ ድሮ ድሙይ የሚባል ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የብርጭቆ ዶቃ ነበር። የእኛ ግን ለጎረቤታችን የሚታይ ምንም የለውም፤ የስልክ ፎቶ ብቻ። አዘኑልኝና ከመንጋቸው ቀንዱ የተንሰራፋ አንድ ነጭ በሬ አስጎትተው አጠገቤ አቆሙልኝ። በሬው ካሜራ ለመደ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ዓይኑን ሳይሰብር። ፎቶ አንሺው በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ኔቸራል የሆነ አገኘ።

ፎቶውን አቦቦ ወስደን ለአባቷ አሳየናቸው። የእሳቸው ምርጫ አልዌሮ ግድብ ነበር፤ በደርግ ዘመን በሶቪየቶች እርዳታ ሲገነባ ያዩት ነው፣ «ከሰው ሥራ ትልቁ» ይሉታል። ሰፊው ውሃ ላይ የጠዋት ጭጋግ ሲተኛ ልክ እንደሚሉት ነው። ፎቶውን በእጃቸው ይዘው ረጅም ሰዓት ተመለከቱት።

«በሬው የማነው?»

«የተውሶ ነው፣ አባባ።»

«ሱፉስ?»

«የኪራይ ነው።»

«ታዲያ ከዚህ ውስጥ የራስህ የሆነው ምኑ ነው?»

እኔ መልስ ሳፈላልግ ልጃቸው ቀደመችኝ፤ «ላቡ» አለች።

ሳቁ። ወሎዬ ከሳቀ መርቆ ነው የሚጨርሰው፤ እኔም ምርቃቴን ተቀበልኩ።

ከከተማው ርቆ መሄድ ለሚሻ ብሔራዊ ፓርኩ አለ። ባለቤቶቹ እዚያ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነ የአየር ላይ ቆጠራ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ቆርኬዎችና መሰሎቻቸው ሲሰደዱ ታይተዋል፤ ከነዚህ የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋ ድንበር እየዘለለ ወደ ጋምቤላ ይገባል። ይህን ያህል እንግዳ ጠርቶ ሠርግ የደገሰ የለም። ግን ፓርኩ ረግረግ ነው፤ ክረምት ላይ መኪናችሁ እዚያው ያድራል፣ እናንተም አብራችሁ። ጫካ ለሚወድ ደግሞ ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው የመዠንገር ደን ወደ ሜጢ በኩል ይጠብቀዋል። ዝናቡ ግን ቀጠሮ አይጠይቅም። ወደ ቡሬና ጎሬ ዳገቱን የወጣ፣ መቱ አጠገብ ሶር ፏፏቴ ድረስ የዘለቀ ደግሞ ብርድ ያገኛል፤ ሱፉ ትርጉም የሚኖረው እዚያ ብቻ ነው። ያ ግን ኢሉባቦር ነው፤ የጋምቤላ ልጅ ብርድ ውስጥ ቆሞ ፈገግ ሲል ፎቶው ሐሰት ይሆናል።

እንግዲህ ቀለበት ያሰራችሁ ሁሉ ስሙኝ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ተነሱ፤ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሙቀቱም ከመጋቢት ይሻላል። ሱፉን ተዉት፤ ስስ ጥጥ ልበሱ። ባሮ ሲጎድል አሸዋው ላይ ቁሙ፣ ውሃው ውስጥ ግን አትግቡ። ድልድዩን ለጠባቂው፣ ሰማዩን ለመንግሥት ተዉላቸው። መረብ የሚጠግነውን፣ ከብት የሚጠብቀውን፣ ማንጎው ሥር የተቀመጠውን ሰላም ሳትሉ ካሜራ አታውጡ። በመጨረሻም ፎቶውን ስልክ ውስጥ አትቅበሩት፤ አሳትማችሁ አብረዋችሁ ለተነሱት ሁሉ አድርሱላቸው። የበሬው ባለቤት የእሳቸውን ተቀብለው ግድግዳቸው ላይ ሰቅለዋል፤ እኔን ቆርጠው ነው እንጂ።