ከወልድያ የሚጎተተው ገመድ

አንድ ጃርት ነበረ አሉ፤ ሀብሩ ውስጥ፣ መርሳ ወንዝ ዳር። ማንጎና ብርቱካን፣ ማሽላም አለው፤ ከቤቱ ጥግ ጎተራ። እጁ ለመቆፈር እንጂ ውሃ ለመምራት አልተፈጠረም። የውሃ አባት ተራውን በጠራ ቁጥር ቦዩን ይከፍትና የጎረቤቱን ማሳ ያጠጣል።

ውሃ መምራት የምታውቀው እመት ጦጢት ነበረች፤ ወልድያ ከገደል አናት።

«30 ኪሎ ሜትር ወርጄማ ጭቃ አልረግጥም» አለችው። «ረጅም ገመድ ላክልኝ። ጫፉን ማሽላህ መሃል በቆመው ማስፈራሪያ እሰረው። እኔ እዚህ ስጎትት እሱ እዚያ ይሠራል።»

ገመዱ በስሪንቃ በኩል ተዘረጋ። ሦስቴ መጎተት፣ አንዴ መልቀቅ የይለፍ ቃላቸው ሆነ። በመጀመሪያው ሌሊት ማስፈራሪያው ቦዩን ከፈተ፤ ማንጎውን በልኩ አጠጥቶ ዘጋ። ጃርት በመስኮት ሲያይ አደረ። የገለባ እጅ ብቻውን ሲንቀሳቀስ ማየት ደስም ይላል፣ ያስፈራልም።

በሳምንቱ ማስፈራሪያው ከቦዩ ወደ ጎተራው አለፈ። አንድ ቁና ማሽላ ሰፍሮ የወልድያን ዳገት ተያያዘው።

ጃርት ኤሊን አማከረ። «ቦይ ለመክፈት ቀኝ እጅ ይበቃል፤ ግራውን እሰረው» አለው። አሰረ። ማስፈራሪያው በቀኙ ግራውን ፈታ። ጃርት ጠበቅ አድርጎ አሰረ፤ ማስፈራሪያው ቀስ ብሎ ፈታ። ጎተራውን ቆለፈ፤ ቁልፉን እንዳይጠፋበት በማስፈራሪያው ኪስ አኖረው። በግቢው ሌላ ኪስ ያለው አልነበረማ።

«አባባ፣ ገመዱን ከቦዩ መዝጊያ ጋር ብቻ ብናስረውስ?» አለች ትንሿ ልጁ።

ዝም በይ ተባለች፤ ትልልቆቹ ስለ ቋጠሮ ይመክሩ ነበር።

እመት ጦጢት ደግሞ ገበያ ስትወጣ የገመዱን ጫፍ ለአያ ጅቦ አደራ ትሰጥ ጀመር። አያ ጅቦ ስለ ውሃ አያውቅም፤ ሦስት መቁጠር ግን ማን ያቅተዋል? በዚያች ሌሊት ማስፈራሪያው የፍየሎቹን በረት ከፈተ።

አዲስ የውሃ አባት ሲመረጥ ማስፈራሪያው ከሁሉ ቀድሞ እጁን አወጣ። ተቆጠረለት። ኋላም ይህስ አይተኛ፣ አይራብ፣ አይናገር ተባለና እሱው ተመረጠ። በማግስቱ የጃርትን ቤት ከውስጥ ቀረቀረው።

ጃርት ሚስቱንና ልጁን ደጅ ትቶ ወልድያ ወጣ።

«እመት ጦጢት፣ ባክዎን አንዴ ይጎትቱና ቤቱን ያስከፍቱልኝ።»

«የማንን ቤት?»

«የኔን።»

ጦጢት ገመዱን በጣቷ መታ መታ አደረገች። «የይለፍ ቃሉን ታውቃለህ?»

«ሦስቴ መጎተት፣ አንዴ መልቀቅ።»

«እሱማ የአምናው ነው» አለችው።