ፍርሃት የለም፤ አለ የሚል ይታገዳል

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሠራተኞች ጁን 30 ቀን 2025 ለአለቃቸው ለሊ ዜልደን የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። አምስት ቅሬታ ዘርዝረዋል፤ አንደኛው በመሥሪያ ቤቱ ፍርሃት ነግሧል የሚል ነው። ብዙዎቹም ስማቸውን ከሥሩ አኖሩ። በሦስተኛው ቀን 139 ያህሉ ታገዱ። እንግዲህ ፍርሃት አለመኖሩን ለማስረዳት ነው።

እገዳው የወረደው ደግሞ በጁላይ 3፣ አገሩ ለነጻነት በዓሉ ርችት ሲገዛ ነው። የኛ ሰው እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይላል። እነዚህን ማን ያስመሻቸዋል? በጠራራ ፀሐይ ቤታችሁ ግቡ ተባሉ። ያውም ደመወዛቸው ሳይቋረጥ! የመንግሥትን ወጪ እቀንሳለሁ ብሎ የመጣ አስተዳደር፣ አየርና ውሃ ሲመረምር የሚውለውን ሰው ሶፋ ላይ አስቀምጦ ይከፍለው ጀመር። ቁጠባው ይህ ከሆነ ብክነቱን አያሳየን።

መሥሪያ ቤቱ ሲጠየቅ የአስተዳደሩን አጀንዳ በሕገ ወጥ መንገድ የሚያደናቅፍ ሠራተኛን ጨርሶ አልታገሥም አለ። ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ለአለቃው የሚልክ አደናቃፊ! እኛ የምናውቀው አደናቃፊ ፊርማ አይወድም።

ይህን ሳወራ አንድ ወዳጄ፣ የአለቃ ስም ሲነሣ ኮቱን የሚቆልፍ ዓይነት ነው፣ «ቅሬታ ካላቸው በሕጉ መሠረት አያቀርቡም?» አለኝ።

ሕጉማ አለ፤ ጠቋሚ የመንግሥት ሠራተኛን የሚጠብቅ ሕግ በ1989 ወጥቷል። የተበደለ ሠራተኛ አቤት የሚልበት ቦርድም አለ፣ ሦስት ወንበር ያለው። ታዲያ ከጃንዋሪ 2017 እስከ ማርች 2022 ቦርዱ ምልዓተ ጉባኤ አልነበረውም፤ ከ2019 ወዲያማ ሦስቱም ወንበሮች ባዷቸውን ቀሩ። ከ3,000 በላይ መዝገብ ተከመረ። አቅራቢ ሞልቷል ወዳጄ፤ የጠፋው ተቀባይ ነው።

«ሕገ መንግሥቱስ?»

እሱንም በ2006 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈትቶታል። ሠራተኛው እንደ ማንኛውም ዜጋ በአገር ጉዳይ ሲናገር ጥበቃ አለው፤ በሥራ ኃላፊነቱ የሚናገረውን ግን የመናገር ነጻነት አይሸፍነውም። የውሃ መርማሪ ስለ ጦርነት ሲተነትን ሕገ መንግሥቱ ይጠብቀዋል፤ ስለ ውሃ ሲናገር ራሱን ይጠብቅ።

«እሺ፣ ውስጥ ለውስጥ ይንገሯቸዋ!»

ነገሯቸው እኮ። ሚሺጋን ውስጥ ፍሊንት የምትባል ከተማ በኤፕሪል 2014፣ ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ፣ የመጠጥ ውሃዋን ከፍሊንት ወንዝ መቅዳት ጀመረች። ቧንቧ እንዳይበላ የሚጨመረውን ኬሚካል ግን የጨመረ የለም። ውሃው ቧንቧውን እየጋጠ መርዛማ ብረት የሆነውን እርሳስ ብርጭቆ ውስጥ ያወርደው ጀመር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ጄኔራል ሞተርስ፣ ውሃው የሞተር ዕቃዬን በላው ብሎ ለፋብሪካው ሌላ ውሃ አስገባለት። ልጆቹ ያንኑ ይጠጣሉ። በፍሊንት ልጅ ሆኖ ከመወለድ ፒስተን ሆኖ መፈብረክ ይሻል ነበር።

የኤጀንሲው ባለሙያ ሚጌል ዴል ቶራል በጁን 2015 ስለ እርሳሱ ማስታወሻ ጻፉ። ከአንድ ቤት ቧንቧ ተቀድቶ በተመረመረ ውሃ ውስጥ የተገኘው እርሳስ፣ አደገኛ ቆሻሻ ከሚያሰኘው መጠን በእጥፍ ይበልጥ ነበር። ማስታወሻው አፈትልኮ ወጣና የኤጀንሲው የአካባቢው ቅርንጫፍ ኃላፊ ሱዛን ሄድማን ይቅርታ ጠየቁ። እናቶቹን እንዳይመስላችሁ፣ ከንቲባውን ነው። እርሳሱ ውሃ ውስጥ ስለ መግባቱም አይደለም፤ ወረቀቱ ከቢሮ ስለ መውጣቱ! ቧንቧ ሲያፈስ ያልደነገጠ ቢሮ፣ ወረቀት ሲያፈስ ደነገጠ። የስቴቱ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ ደግሞ ሕዝቡን ዘና በሉ ይል ነበር። ሄድማን በ2016 መጀመሪያ ሥራቸውን ለቀቁ።

ወዳጄ ትንሽ ቆየና «አንገታቸውን ደፍተው ሥራቸውን ቢሠሩ ማን ይነካቸዋል?» አለ።

አላባማ ውስጥ በርሚንግሃም ያሉ የአየር ትንበያ ባለሙያዎች አንገታቸውን ደፍተው ሥራቸውን ሲሠሩ ነው የተነኩት። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ዶሪያን የተባለው አውሎ ነፋስ አላባማንም ይመታል ብለው ጻፉ። ባለሙያዎቹ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አላባማን አይነካትም አሉ። በሦስተኛው ቀን ፕሬዚዳንቱ ካርታ ይዘው ብቅ አሉ፤ በጥቁር ማርከር ተቀጥሎበት የነፋሱ መንገድ አላባማ ገብቷል። ነፋሱ ግን ማርከሩን ከምንም ሳይቆጥር አለፈ። ከዚያ ምን ተደረገ? የትንበያው የበላይ የሆነው ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ የማንም ስም የሌለበት መግለጫ አውጥቶ ባለሙያዎቹን ነቀፈ። ስም ያለበት ደብዳቤ በሚያሳግድበት አገር፣ ስም የሌለበት መግለጫ መሥሪያ ቤት አከለ።

በ2020 አጣሪ ቡድን ነገሩን መርምሮ ተጠባባቂ ኃላፊው ኒል ጄከብስ የመሥሪያ ቤቱን የሳይንስ ሥነ ምግባር ደንብ ጥሰዋል አለ።

«አየህ! ተጠያቂነት አለ» ብሎ ወዳጄ ኮቱን ፈታ አደረገ።

አለ እንጂ። በ2025 ተጠባባቂ የሚለውን ቃል ነጥቀዋቸዋል፤ አሁን ዋናው ኃላፊ ናቸው።