የእመት ጦጣ ቀለም ቤት

ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ፣ እመት ጦጣ ክር የምትነክርበት አነስተኛ ቀለም ቤት ነበራት። ደንበኞቿ ሸረሪቶች ናቸው፤ ክሩን ከእሷ ወስደው ጥለት ይሠሩበታል። ቤቱ የታወቀው በቀዩ ነው። ቀዩ የሚገኘው ትግራይ ውስጥ ከበለስ ላይ ተለቅሞ ከሚደርቅ ተባይ ሲሆን፣ ለአንድ ኪሎ ከ100 ሺህ በላይ ይፈጫል። (በቤቱ የምስጋና ንግግር ላይ ግን ስማቸው ሲነሳ የሰማ የለም።) ሎሚ ጠብ ሲደረግበት እሳት ይመስላል፤ ዝገት ሲነካው ደግሞ ወደ ሐምራዊ ይጠቁራል። ስለዚህ በጎላው አጠገብ የዛገ ሚስማር ይዞ ማለፍ ከሥራ ያስባርር ነበር።

እንግዳ ሲመጣ የሚጎበኘው ይኸው ጎላ ነው። እመት ጦጣ በረጅሙ ማማሰያ ስታማስል፣ ጉሬዛ የተነከረውን ክር ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለ ሲሰቅል ማየት ደስ ይላል። የጓሮውን ክፍል ግን ማንም አያይም። እዚያ የሚሠራው ኤሊ ነው። ጥጥ ሲፈጠር ሰም አለበት፤ ሰሙ ካልለቀቀ ውኃም ቀለምም አይጠጣም። ኤሊ ክሩን በአመድ ውኃ ይቀቅለዋል፤ ሌሊቱን በግራር ቅርፊት ይዘፈዝፈዋል፤ በማግስቱ ደግሞ ቀለም በሚያስይዘው ነጭ ጨው ውስጥ ያሳድረዋል። ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚያወጣው ያንኑ ያስገባውን ነጭ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ገርጥቶ። የደመወዝ ጭማሪ በሚነጋገሩበት ወር ይህ ነገር ሁልጊዜ ይነሳበታል።

የገና ጾም ሲገባ ሥራ ይበዛል፤ ከገና እስከ ጥምቀት ያለው 12 ቀን ግን የብቻው ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚል አገር፣ ክሩን የሚያዝዘው ሁሌ ቀኑ ደጅ ሲደርስ ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ የገና ማግስት አያ ጅቦ መጣ። ለዘመድ አዝማዱ በሙሉ ቀይ ጥለት እንደሚፈልግ ተናገረና ግማሹን ቀብድ ቆጥሮ አስቀመጠ። ቀብድ የበላ እምቢ አይልም፤ የጅብ ቀብድ የበላማ ምን ይተርፈዋል?

ማታ ስብሰባ ተጠራ። ሒሳብ ያዥዋ ቀበሮ ወረቀቷን ዘረጋች። «ከስድስት የሥራ ቀን ሦስቱን የሚበላው ጓሮው ነው» አለች። «ምን ያወጣል? ነጭ። እኛ የምንሸጠው ቀይ ነው።»

የሚመልስላት ጠፋ። እመት ጦጣ ግን ኤሊን ማባረር አሳፈራት፤ ቤቱ ሲመሠረት የመጀመሪያውን ጎላ በጀርባው ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነበር። ስለዚህ ሾመችው። ዋና አማካሪ ተባለ፤ በር ላይ በርጩማ ተሰጠው፤ በድንጋዩ ልብሱ ላይ ጋቢ ተደረበለት።

«ማንን ነው የማማክረው?» አለ ኤሊ።

«ሲጠሩህ ትሰማለህ» አሉት። ማንም አልጠራውም።

ሥራው በረረ። ጥሬው ክር ከልቃቂቱ ተፈትቶ በቀጥታ ጎላው ውስጥ ይገባል፣ ቀልቶ ይወጣል። እርጥብ ክር ደግሞ ከደረቁ ይልቅ ይደምቃልና ያየ ሁሉ ዘንድሮስ አለ። ውኃ የምታመላልሰው አህያ ብቻ አንድ ነገር ታዘበች። የተነከረ ክር የሚታጠበው ውኃው እስኪጠራ ነው። አሁን ግን እንስራ በእንስራ ላይ ብታፈስም የሚወርደው ቀይ ነው።

«እመት፣ ውኃው አልጠራልኝም» አለች።

«ጨምሪያ!»

ጨመረች። ከታች ያለው ጅረትም ቀላ። በሳምንቱ የጉሬዛ ነጭ ጭራ ሮዝ ሆነ። ይህን ሲያመለክት ቀለም ቤት የሚሠራ ቀለም ይነካዋል ተባለ፤ ቀበሮም ጭራውን ለማስታወቂያ ደጅ ላይ አስቆመችው። ከዚያ ወዲያ የተናገረ የለም፤ የበዓል አበል በዚያው ቀን ታድሎ ነበር።

ጥር 11 ጠዋት ጅቦች በነጭ ልብስ፣ በቀይ ጥለት አጊጠው ጃንሜዳ ወረዱ። እንዲያ አምረው ታይተው አያውቁም። በጎች እንኳ ሳይቀሩ ጠጋ ብለው አዩዋቸው። ጠበሉ ሲረጭ ግን ከየአንገታቸው ቀይ ነገር ደረታቸው ላይ እየተንዠቀዠቀ ወረደ። ደረቱ የቀላ ጅብ ያየ በግ ምክንያቱን ለመጠየቅ አይቆምም። ሜዳው ባንድ ጊዜ ተደበላለቀ።

«ኧረ ዛሬስ ማንንም አልበላሁም!» እያለ አያ ጅቦ ተከተላቸው። «ዛሬስ» ማለቱን ሲሰሙ የባሰውን ሮጡ። ጅብ በሕይወቱ ንጹሕ የሆነበት ጠዋት ያ ብቻ ነበር፤ ማንም አላመነውም።

ነገሩ አያ አንበሳ ችሎት ቀረበ። እመት ጦጣ ጥፋቱን በተባዩ አላከከች፤ ተባዩ ተፈጭቷል። ቀበሮ በውኃው አላከከች፤ አህያ ደግሞ ለችሎቱ የሚጠጣ ልታመጣ ሄዳ አልነበረችም። መዝገቡ ሲገለጥ ከፍ ያለ ማዕረግ ያለው አንድ ስም ተገኘ።

«ዋና አማካሪ፣ ምን መከርህ?» አለ አንበሳ።

«አልተጠየቅሁም።»

«እንግዲያው አልመከርህም።»

ኤሊም የጅቦቹን ልብስ ሁሉ ያለ ዋጋ እንዲያስተካክል ተፈረደበት። ቅር ያለው አይመስልም፤ ልብሱን እያገላበጠ ሲያየው ቆየና ወደ አያ ጅቦ ዞረ። «ሁለት መንገድ አለ። በእንዶድ ደጋግሜ ባጥበው የፈሰሰው ይለቃል፤ ጥለቱም አብሮ ይለቃል፤ ነጭህን ይዘህ ትሄዳለህ። ጨው ውስጥ ባሳድረው ደግሞ ጥለቱ ይያዛል። ነገር ግን የፈሰሰውም አብሮ ይያዛል።»

አያ ጅቦ አሰበ። ከጥምቀት ወዲህ መንገድ ይለቀቅለት ነበር። ወፍጮ ቤት ወረፋ አልጠበቀም፤ ያበደሩት ሁሉ ገንዘባቸውን መጠየቅ ትተዋል።

«ይያዝ» አለ።

ኤሊ ወደ ጓሮው ገብቶ ዘፈዘፈው። በርጩማው ለጉሬዛ ተሰጠ።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ቀለም ቤቱ ደጅ ላይ ከዚያ በፊት ደርሶ የማያውቅ ደንበኛ ተሰለፈ። በጎች ነበሩ፤ ነጭ ነጠላቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ቀበሮ ከሩቅ አይታቸው ዋጋውን እጥፍ አድርጋ ጠበቀች።

«ጥለት አንፈልግም» አለ ሽማግሌው በግ። «ደረታችን ላይ ይፍሰስልን፣ እንደ አያ ጅቦ። ደግሞ የማይለቅ ይሁን።»

እመት ጦጣ በልማዷ ለነገ አደርሳለሁ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ኤሊ ከጓሮ ብቅ ብሎ «ሦስት ቀን ነው» አለ።

«ሳምንትም ይዘፍዘፍ፣ ወርም ይደር» አሉ በጎቹ፤ «ብቻ ከቅዳሜ ሹር በፊት ይድረስልን።»