ጆሮ ለምኔ

ኤሌክትሪክ ጊታር ለመግዛት ጆሮ ያስፈልጋል የሚሉ ሰዎች ዛሬም አልጠፉም። ምስኪኖች! ሱቅ ገብተው ጊታሩን አምፕሊፋየር ላይ ይሰካሉ፤ ክሩን ይቃኛሉ፤ አንገቱ ላይ የተደረደሩትን የብረት ዘንጎች፣ ፍሬቶቹን፣ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ እየተጫኑ ድምፁ የሚታፈንበት ቦታ አለ ወይ ብለው ያዳምጣሉ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገቱ መጣመም አለመጣመሙን ይመረምራሉ። አዋቂ ገዢ በዚህ ሁሉ አይደክምም። ጊታሩን ገልበጥ ያደርግና መነጽሩን አስተካክሎ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውን ያነባል። «ሜድ ኢን ዩኤስኤ» ካለች ተመስገን ነው፤ ድምፁ ገና ሳይሰማ ጥሩ ሆኗል። «ሜክሲኮ» ካለች ፊቱን ያጨፈግጋል። «ኢንዶኔዥያ» ካለች ደግሞ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ይወጣል።

እኔም ወደዚህ ሃይማኖት ለመግባት ቆርጬ ስለተነሳሁ ትምህርተ ሃይማኖቱን ከመሠረቱ አጠናሁ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ እምነቱም የእነሱው ነው።)

የመጀመሪያው ቅዱስ ስፍራ በካሊፎርኒያ ፉለርተን የተባለች ከተማ ናት። መሥራቹ ሊዮ ፌንደር ራዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት እንኳ አያውቅም። በ1954 ገበያ ላይ ያዋለው ስትራቶካስተር እንደ ቫዮሊን በጥበበኛ እጅ ተጠርቦ የሚወለድ ዕቃ አይደለም። አካሉ ለብቻ ይቆረጣል፤ አንገቱ ለብቻ ይሠራል፤ ከዚያ በአራት ብሎን ይታሰራል። አንገቱ ካረጀ ይፈታና ሌላ ይገባል። በሌላ አነጋገር፣ ሰውዬው ገና ከጅምሩ ያሰበው ሥራውን የተማረ ማንም ሠራተኛ የትም ተቀምጦ የሚገጣጥመውን ጊታር ነው። ይህችን ነገር ለምእመናን ባትነግሩ ደስ ይለኛል።

ሃይማኖት ያለ ቅዱሳን አይሆንምና እዚያም ቅዱሳን አሉ። የሃምሳዎቹ ጊታሮች አንገታቸው ሲፈታ አንዳንዶቹ ግርጌ ላይ «ቲጂ» የሚሉ ፊደላት ይገኛሉ፤ የታዴዮ ጎሜዝ ምልክት ናቸው። ያንን ያገኘ ሰብሳቢ ይሳለማል። አቢጌል ይባራ ደግሞ በ1956 ፌንደር ኩባንያ ገብታ እስከ 2013 የፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ማግኔታዊ ዕቃ) ሽቦ ስትጠመጥም የኖረች ሴት ናት፤ የስሟ ፊደላት ያረፉባቸውን ፒክአፖች ለማግኘት ሰው ኪሱን ያራግፋል። ይገባታልም። ይባራ ዘሯ ከሜክሲኮ ነው፤ ጎሜዝም የስዊድን ስም ነው ሲባል አልሰማሁም።

አሁን ወደ ደቡብ እንውረድ። ያው ኩባንያ በ1987 ሜክሲኮ ውስጥ ኤንሴናዳ ላይ ፋብሪካ ከፈተ። ከፉለርተን በኋላ ካሊፎርኒያ ኮሮና ላይ ከከፈተው ዋና ፋብሪካው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው፤ በመኪና ከቁርስ በኋላ ተነስቶ ለምሳ መድረስ ይቻላል። ታዲያ ምእመናኑ ያረጋገጡት ታላቅ ተአምር እዚህ ላይ ነው፦ የሜክሲኮ ልጅ እጅ ከድንበሩ በላይ ሲሆን የተባረከ ነው፤ ከድንበሩ በታች ሲሆን ግን ርካሽ ጉልበት ይሆናል። ይህን ተአምር የሚሠራው የጉምሩክ ኬላ መሆን አለበት፤ በመሃል ሌላ ነገር የለምና።

የአሜሪካ አፈር በራሱ ጊታር ያበጃል ብሎ ለሚያምን ሰው የሰባዎቹ ዓመታት ልዩ የጾም ወቅት ናቸው። ሲቢኤስ የተባለው የብሮድካስት ድርጅት ፌንደርን በ1965 በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። የቴሌቪዥን ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ወጪ ይቀንሳሉ። በ1971 የስትራቶካስተሩ አራት ብሎን ሦስት ሆነ፤ አንዳንዱ አንገት ጎተት ሲደረግ ከቦታው መናጋት ጀመረ፤ ቀለሙ ወፈረ፤ ብዙዎቹ ጊታሮችም እየከበዱ ሄዱ። አፈሩ ግን ያው ነው፣ ፉለርተንም ያው ፉለርተን፣ ጽሑፉም «ሜድ ኢን ዩኤስኤ»። ዛሬ እነዚያው ጊታሮች «ጥንታዊ» ተብለው በወርቅ ዋጋ ይሸጣሉ። መናጋቱም እንደ ታሪክ ቅርስ ሳይቆጠር አይቀርም።

በ1982 ኩባንያው ጃፓን ሄደ። ማትሱሞቶ ከተማ ያለው ፉጂጄን ፋብሪካ አሜሪካኖቹ ራሳቸው የረሱትን የድሮ አሠራር መልሶ መሥራት ያዘ። በ1985 ሲቢኤስ ፌንደርን ለፌንደር ለራሱ ሥራ አስኪያጆች ሲሸጥ የፉለርተን ፋብሪካ በሽያጩ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ለተወሰነ ጊዜ በዚያ የአሜሪካ ስም ይሸጡ ከነበሩት ጊታሮች አብዛኞቹ ጃፓን የተሠሩ ነበሩ። ሃይማኖቱ በዚያ ዘመን እንዴት እንደተረፈ የሚያስረዳኝ መምህር እስካሁን አላገኘሁም።

ደግሞ ያኔ «ጃፓን» ማለት ስድብ ነበር። የጃፓን ጊታር ማለት ኩረጃ፣ ቆርቆሮ፣ ለልጅ መጫወቻ። የሌላው አሜሪካዊ ጊታር ሠሪ የጊብሰን ባለቤት የሆነው ድርጅት በ1977 የጃፓኑን አይባኔዝ አሜሪካዊ አከፋፋይ የከሰሰው ግን «ጊታራችሁ መጥፎ ነው» ብሎ አይደለም፤ «የጊታራችንን ራስ ቅርጽ ወሰዳችሁ» ብሎ ነው። ዛሬ የሰማንያዎቹ መጀመሪያ የጃፓን ጊታር ያለው ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። ስድቡ ወደ ኮሪያ ተሻገረ፤ ኮሪያ ስትከበር ወደ ኢንዶኔዥያና ወደ ቻይና አለፈ። ተራ ጠብቆ የሚዞር ስድብ ነው። እኛም ብንሆን ከምጣድ እስከ ባትሪ «ቻይና ነው ወይስ ኦርጅናል?» ሳንል የማንገዛ ሕዝብ ነንና ለመሳቅ አንቸኩል።

ስለ ኢንዶኔዥያ ከተነሳ ሱራባያ ያለውን ፋብሪካ እንይ። ኮርቴክ የተባለው የኮሪያ ድርጅት እዚያ የራሱን ኮርት ብቻ ሳይሆን የሌሎች ኩባንያዎችንም ጊታር ይሠራል፤ ፒአርኤስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤስኢ ብሎ የሚሸጣቸው ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ለጀማሪ የሚሆን ርካሽ ጊታርም፣ ለሙያተኛ የሚሆን ውድ ጊታርም ከአንድ ድርጅት እጅ ይወጣሉ። ልዩነቱ ያለው በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ነው፦ የፍሬቶቹ ጫፍ ለስንት ደቂቃ ይሞረድ? ምን ዓይነት ፒክአፕ ይግባ? ቀለሙ ስንት ጊዜ ይቀባ? የሠራተኛ ደመወዝ አነስተኛ በሆነበት አገር ባለቤቱ ሰዓት መግዛት ይቀለዋል፤ የገዛውን ሰዓት ለሞረዱ ይስጠው ወይም ለትርፉ ያስቀረው የእሱ ፈንታ ነው። ኤንሴናዳም ታሪኩ ይኸው ነው። የሜክሲኮው ስታንዳርድ ስትራቶካስተር ለዓመታት የሴራሚክ ማግኔት ያለው ፒክአፕ ሲገጠምለት ኖሮ በ2018 «ፕሌየር» በሚል ስም ሲተካ የአልኒኮ ማግኔት ገባለት። ከተማው አልተቀየረም። የተቀየረው ትእዛዙ ነው።

አሁን ደግሞ ምእመናን በጣም የሚወዱትን ማስረጃ ላቅርብ። አንድ የኢንዶኔዥያ ጊታር ከሱራባያ ወበቅ ወጥቶ አዲስ አበባ ይገባል። ታኅሣሥና ጥር ላይ አየሩ ሲደርቅ የአንገቱ እንጨት ጥቂት ይኮማተራል፤ ብረት ግን አብሮ አይኮማተርም። ስለዚህ የፍሬቶቹ ጫፍ ከእንጨቱ ጠርዝ የፀጉር ውፍረት ያህል ይወጣል። እጅህን አንገቱ ላይ ሽቅብ ስታንሸራትት መዳፍህን ይቧጭርሃል። «አየህ! አላልኩህም? ኢንዶኔዥያ!» ይላል ወዳጅህ። እርጥብ አገር የተሠራ የሌላ አገር ጊታርም በዚያው ወር እንዲሁ እንደሚቧጭር አይነገረውም፤ ይከፋዋል። መድኃኒቱ ደቃቅ ሞረድና የአንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ነው። ክሮቹ ከራሱ በታች የሚያልፉባት ቦይ ከፍ ብላ ተቆርጣ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ቅኝቱ ከሸሸም ቦዩን በልኩ ዝቅ ማድረግ ነው። ሁለቱም የሚያስፈልጉት ሞረድ መያዝ የሚችል ሰው እንጂ ቪዛ አይደለም።

እንጨቱም ቢሆን ምእመን አይደለም። ንጹሕ አሜሪካዊ በሚባለው ጊታር ላይ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ ብዙ ጊዜ የሕንድ ሮዝውድ ወይም የአፍሪካ ዞጲ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ታጣቂዎች በ2009 እና በ2011 ቴነሲ ያለውን የጊብሰንን ፋብሪካ የፈተሹት ከማዳጋስካርና ከሕንድ በገባ እንጨት የተነሳ ነበር፤ ኩባንያው በ2012 የ300,000 ዶላር ቅጣት ከፍሎ ተገላገለ። ካሊፎርኒያ ሮዝውድ አይበቅልም፤ ቴነሲም ዞጲ የለም።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን ገዢ በሙሉ ልቡ የሚያምናት ያቺ ጽሑፍ ከጊታሩ አካል ሁሉ ለማስመሰል የምትቀል መሆኗ ነው። አንገት በልክ ማበጀት ሙያ ይጠይቃል፤ ፍሬት ደረጃውን ጠብቆ ማስቀመጥ ሙያ ይጠይቃል፤ «ሜድ ኢን ዩኤስኤ» ብሎ ማተም ግን ማተሚያ ብቻ ይበቃዋል። ቻይና ውስጥ ጊብሰንን አስመስለው የሚሠሩትን የሐሰት ጊታሮች ሙዚቀኞች «ቺብሰን» ይሏቸዋል፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል። የአገር ስም አንባቢዎቻችን በእነዚህ ጊታሮች ተታለው ሲያለቅሱ ይገኛሉ። ምን ጎደለባቸው? ጽሑፉ እንደሆነ ትክክል ነበር፣ አንዲት ፊደል አልተሳሳተም።

እንግዲህ የሜክሲኮና የኢንዶኔዥያ ጊታር ይዛችሁ ከሰው ፊት ለመቅረብ የምታፍሩ ወገኖቼ፣ አደራችሁን፣ ማፈራችሁን አታቁሙ። እናንተ ባፈራችሁ ቁጥር የአሮጌ ጊታር ዋጋ ይወርዳል። ሞረድ አለኝ፤ የምትሸጡትን አምጡልኝ።