መልሱ ይቅደም!

የአሜሪካ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል መምህራን ለትውልድ የዋሉት ውለታ ተገቢውን ምስጋና አላገኘም። ልጆችን ከመጠርጠር አድነዋል። ዛሬ በልብ ወለድ ውስጥ ገዳይ ሲፈልግ የዋለ ልጅ ነገ የመማሪያ መጽሐፉን ሊጠረጥር ይችላልና ጥንቃቄው የሚናቅ አይደለም።

አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1892 ያሳተመውን፣ በእነዚሁ ክፍሎች የሚነበበውን «ዝንጉርጉሩ ጥብጣብ» እንውሰድ። (ያላነበባችሁት ከዚህ በኋላ ያለውን ዝለሉት፤ ተማሪዎቹ ግን ይህ ዕድል የላቸውም።) አንዲት ወጣት በሯን ከውስጥ ቆልፋ በተኛችበት ሌሊት ትሞታለች። መርማሪው ሼርሎክ ሆልምስ ከወለሉ ጋር የተቸነከረ አልጋ፣ ቢስቡት የማይደውል የደወል ገመድ፣ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ እንጀራ አባቷ ክፍል የሚያሳልፍ የአየር ቀዳዳ፣ ድመት በሌለበት ቤት ደግሞ ወተት ያለበት ሳህን ያገኛል። ዶይል ይህን ሁሉ አንባቢው ፊት ዘርግቶ ዝም ይላል። ጨካኝ ነው።

ርኅሩኁ መምህር ግን አይጨክንም። ገና የመጀመሪያው ገጽ ሳይገለጥ «አዲስ ቃላት» የሚል ወረቀት ያድላል። ከቃላቱ መካከል «እፉኝት፦ መርዘኛ እባብ» የሚል አለ። እፎይ! ወተቱን ማን እንደሚጠጣው ልጁ ከሆልምስ ቀድሞ አወቀ። ቀጥሎ የፍንጭ ሰንጠረዥ ይመጣል፤ አምስት መስመር አለው፤ ስድስተኛ ፍንጭ ያየ ዓይኑን ይጨፍን። ታሪኩ ጥሞት ማታ ቤቱ ጨርሶት የመጣማ ሥርዓት አልበኛ ነው፤ ክፍሉ ገና ገጽ አራት ላይ ነዋ! የአጋታ ክሪስቲ የወንጀል ልብ ወለድ ተራ ሲደርስ ደግሞ ፊልሙ ይቀድማል።

በአገራችን ሌባሻይ የሚባል ሌባ ፈላጊ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ፣ ወገቡን በገመድ ይዞ ይከተለዋል፤ ልጁ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ምን አይተህ ነው ብሎ ልጁን የሚጠይቅ አልነበረም። በሰንጠረዡም ዘመን የሚጠይቅ የለም፤ ገመዱ ፎቶ ኮፒ ሆኖ መጣ እንጂ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሆልምስ ነው። መጀመሪያ በእንጀራ አባትየው ግቢ የሰፈሩትን ዘላኖች ጠርጥሮ ጨርሶ ተሳስቶ እንደነበር በታሪኩ መጨረሻ ለጓደኛው ለዋትሰን ይነግረዋል። በዚህ ሰንጠረዥ ቢታረም ከአምስት ሁለት አያገኝም፤ ለተሳሳተ ግምት የተተወ ቦታ የለማ!

መምህራን ሆይ፣ ያችን የቃላት ወረቀት እስከ መጨረሻው ገጽ ደብቋት። በዚያ በእንጀራ አባትየው ግቢ ውስጥ እንዳሻቸው የተለቀቁ ዝንጀሮና አቦሸማኔ አሉ። ልጆቹ አንድ ሳምንት ሙሉ ዝንጀሮውን ይጠርጥሩት።